ኒኮላይ በርንሽታይን እና የመዶሻው ምት

ለዛሬው የስፖርት ባዮሜካኒክስ መሠረት ከጣሉት ተመራማሪዎች አንዱ ሩሲያዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ኒኮላይ በርንሽታይን ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 በሞስኮ ተወለደ። አባቱ የአእምሮ ሐኪም፣ አጎቱ ሰርጌይ ደግሞ ስመ ጥር የሒሳብ ሊቅ ነበሩ፤ በርንሽታይን ከሁለቱም የወረሰ ይመስላል። በ1919 በሕክምና ተመርቆ በቀይ ጦር ሐኪምነት ካገለገለ በኋላ፣ በ1922 በሞስኮ ማዕከላዊ የሥራ ኢንስቲትዩት ተቀጠረ።

የኢንስቲትዩቱ መሪ፣ ባለቅኔው አሌክሴይ ጋስቴቭ፣ ሠራተኛውን እንደ ማሽን ሳይዛነፍ እንዲሠራ ማሠልጠን ይሻ ነበር። ለዚህም ሁሉም የሚለማመደው አንድ ትክክለኛ የመዶሻ ምት መገኘት ነበረበት። በርንሽታይን በሠራተኞች መገጣጠሚያዎች ላይ ትናንሽ አምፖሎች አስሮ፣ የሚሽከረከር መዝጊያ ባለው ካሜራ የብርሃኑን ዱካ በነጠብጣብ ቀረጸ፤ ከነጠብጣቦቹም ፍጥነትንና ኃይልን አሰላ። የተገኘው ግን የተፈለገው አልነበረም። በተካነ ሠራተኛ እጅ የመዶሻው ጫፍ በየምቱ ተቀራራቢ መንገድ ሲከተል፣ የትከሻው፣ የክርኑና የእጅ አንጓው ማዕዘን በየጊዜው ይለያያል፤ የአንዱን መዛነፍ ሌላው ያካክሳል። ከዚህ ተነሥቶ፣ ልምምድ ማለት አንድን መፍትሔ መደጋገም ሳይሆን መፍትሔ የመፈለጉን ሂደት መደጋገም ነው ወደሚል ድምዳሜ በኋላ ደረሰ። ለአሠልጣኝ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ያንኑ ዘዴ ወደ ሩጫም ወሰደው። ካጠናቸው ሯጮች መካከል በ1928ቱ የአምስተርዳም ኦሎምፒክ በ1500 ሜትር ብር ያገኘው ፈረንሳዊው ዡል ላዱሜግ ይገኛል። የሕፃናትን አረማመድ ከአዋቂዎች ጋር አነጻጽሮም የኃይሉ ጥለት ከዕድሜ ጋር ቀስ በቀስ እንደሚበስል አሳየ። አንድ ዓይነት የነርቭ ትእዛዝ እንደ ክንዱ አቀማመጥ፣ ክብደትና ፍጥነት የተለያየ ውጤት ስለሚሰጥ፣ አንጎል ያለማቋረጥ ከአካሉ ግብረ መልስ እየተቀበለ ማረም አለበት። ይህ አቋሙ ከፓቭሎቭ የሪፍሌክስ ንድፈ ሐሳብ ጋር አጋጨው።

ፓቭሎቭን የሚተች መጽሐፉ ለኅትመት ተዘጋጅቶ ሳለ ፓቭሎቭ በ1936 ሞተ፤ በርንሽታይንም መልስ ሊሰጥ ከማይችል ሰው ጋር መከራከር አልወደደምና ኅትመቱን አስቀረ። በ1947 ስለ እንቅስቃሴ አገነባብ ያሳተመው ሥራ በማግሥቱ ዓመት የስታሊንን ሽልማት አስገኘለት። ብዙዎች የሚያነሡለት ይህንኑ ነው፤ ስለ ሰውየው የበለጠ የሚናገረው ግን ያላሳተመው መጽሐፍ ነው።

እሱ ለፓቭሎቭ ያሳየውን ጨዋነት የፓቭሎቭ ወገኖች ለእሱ አላሳዩትም። በ1950 በተጧጧፈው ዘመቻ ተወግዞ ቤተ ሙከራውን አጣ፤ ከዚያ ወዲህ በአብዛኛው በቤቱ ሆኖ በንድፈ ሐሳብ ጽሑፍ ላይ አተኮረ። በ1966 ሞተ። የሥራዎቹ ስብስብ በዓመቱ በእንግሊዝኛ ሲወጣ በምዕራቡ ዓለም ተመራማሪዎች ዘንድ ታወቀ። ስለ ቅልጥፍና በቀላል ቋንቋ ለሰፊው አንባቢ የጻፈው መጽሐፍ እስከ 1991፣ ፓቭሎቭን የሚተቸው ደግሞ እስከ 2003 ሳይታተሙ ቆዩ።