የኅብለ ሰረሰር ሐኪሙ ሰር ቪክቶር ሆርስሊ

ሐኪሞች በቢላ ለመንካት እጅግ ዘግይተው ከደፈሯቸው የሰው አካላት አንዱ ኅብለ ሰረሰር ነው። ይኸውም በአከርካሪ አጥንት ውስጥ ተሸሽጎ የሚወርድ የነርቭ ገመድ ነው። በዚያ ጠባብ ቦታ ዕጢ የበቀለበት ሰው በመጀመሪያ ጀርባውን ያመዋል፤ ቀጥሎ እግሩ ይዝላል፤ በመጨረሻም ሽንቱን መቈጣጠር ተስኖት ሽባ ይሆናል። ይህን ዕጢ አውጥተው በሽተኛውን በእግሩ ያቆሙትን ሐኪም ታሪክ እናቀርባለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ቪክቶር ሆርስሊ በ1857 በሎንዶን ከሠዓሊ አባት ተወለዱ። ሕክምናን በዚያው በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሩ። ወጣት ሐኪም ሳሉ የማደንዘዣን ጠባይ ለማወቅ በራሳቸው ላይ ደጋግመው ሞከሩ፤ የሕክምና ተማሪ ጓደኞቻችን ይህን ባይከተሉ እንመርጣለን። በ1886 ክዊን ስኩዌር በተባለው የነርቭ ሕሙማን ሆስፒታል ተሾሙ።

በሰኔ 1887 የነርቭ ሐኪሙ ዊልያም ጋወርስ አንድ የጦር መኮንን አሳዩአቸው። ሰውዬው በጀርባው ሕመም ከጀመረው ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። ብዙ ሐኪሞች አይተውት ምክንያቱን አላገኙም፤ አሁን ግን እግሮቹ ሽባ ሆነዋል። ኤክስሬይ ገና አልተፈጠረም። ጋወርስ የዕጢውን ስፍራ የገመቱት ሕመሙንና የደነዘዘውን የሰውነት ክፍል በመመርመር ብቻ ነው። ሆርስሊ በዚያው ቀን አጥንቱን ከፈቱ፤ ምንም አልተገኘም። ሌላው ሰው ቢሆን ቍስሉን ሰፍቶ በወጣ ነበር! እርሳቸው ግን ወደ ላይ ጨምረው ከፈቱ፤ ዕጢውም ኅብለ ሰረሰሩን ተጭኖ ተገኘ። መኮንኑ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ብዙ ተሠቃየ፤ ነገር ግን ዓመት ሳይሞላው ያለ ደጋፊ ይራመድ ጀመር፤ ወደ ሥራውም ተመለሰ።

ዕድልም ረድቶታል ማለት ይገባናል። ዕጢው ከገመዱ ውጭ የተቀመጠ ነበር። በገመዱ ውስጥ የበቀለ ሲሆን ግን ሲወጣ ደኅናውም ነርቭ ሊጐዳ ስለሚችል፥ በሽተኛው ሲነቃ እግሩ ከቀድሞው የባሰ ሊዝል ይችላል። ከዚህም ሌላ በኅብለ ሰረሰሩ ዙሪያ ያለው ፈሳሽ በቍስሉ በኩል ያፈተለከ እንደ ሆነ ጀርም ገብቶ ማጅራት ገትር ሊያመጣ ይችላል። ብዙ አጥንት የተነሣለት ሕፃን ሲያድግ ጀርባው ሊጐብጥ ይችላል። ሐኪሙ ሥራውን በሚገባ ፈጽሞም፥ ሽባ ሆኖ የቆየውን በሽተኛ የመኝታ ቍስልና የሽንት ቧንቧ ልክፈት ሊገድሉት ይችላሉ። ከሁሉ ይልቅ ውጤቱን የሚወስነው በሽተኛው ወደ ቀዶ ሕክምናው ሲገባ የነበረው ኀይል ነው። እየተራመደ የመጣ አብዛኛውን ጊዜ እየተራመደ ይወጣል፤ ወራት ሙሉ ተኝቶ የመጣ ግን ብዙ ጊዜ ተኝቶ ይቀራል።

ከሆመቾና ከዱራሜ ወገን ለመጣነው ተማሪዎች ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ጀርባውን የታመመ ገበሬ ብርድ ነው ይባላል፤ ወጌሻ ያሸዋል፤ እግሩ እንቢ ሲለው ወደ ሆሳዕና፥ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ይወሰዳል። እርግጥ የጀርባ ሕመም ሁሉ ዕጢ አይደለም፤ የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳም እግርን ያዝላል፤ እርሱም ቢሆን ቀን አይሰጥም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን የተጀመረው በ2006፥ ከሆርስሊ ሥራ 119 ዓመት በኋላ ነው። አሁን ሐኪሙ በአገር ውስጥ አለ፤ የሚያልቀው ጊዜ በመንገዱና በወጌሻው ቤት ነው።

ሆርስሊ በ1902 ሰር ተባሉ። ስለ ሴቶች የመምረጥ መብትና ስለ መጠጥ ጕዳት አጥብቀው በመከራከራቸው ብዙ ባላንጣ አፈሩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወደ ሜሶፖታሚያ ዘመቱ፤ በዚያም የቍስለኞች አያያዝ እንዲሻሻል ሲደክሙ፥ በሐምሌ 1916 አማራ በምትባለው ከተማ (ከእኛ አማራ ጋር በስም ብቻ ትገናኛለች) የፀሐይ ሙቀት መትቷቸው በ59 ዓመታቸው ሞቱ። የተቀበሩትም እዚያው ነው።