አሰፋ ማሩ፦ ወደ ቢሯቸው ሲያመሩ የተገደሉት የመምህራን ማኅበር መሪ

ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ዓ.ም. ጠዋት አቶ አሰፋ ማሩ አዲስ አበባ ውስጥ በእግራቸው ወደ ሥራ ቦታቸው ሲጓዙ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ምክትል ዋና ጸሐፊና የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ የሥራ አስፈጻሚ አባል ነበሩ።

ፖሊስ ሟቹ የታጠቀ ኅቡዕ ድርጅት አባል እንደነበሩና ሊያዙ ሲሉ ለማምለጥ እንደሞከሩ አስታወቀ። የዓይን ምስክሮችን ጠቅሶ አምነስቲ ኢንተርናሽናል ያወጣው ዘገባ ግን ከዚህ ፈጽሞ ይለያል፤ መሣሪያ አልያዙም፣ እጃቸውን እንዲሰጡም ዕድል አላገኙም።

አቶ አሰፋ ያገለገሉት ማኅበር በ1941 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። የካቲት 1966 ዓ.ም. የትምህርት ዘርፍ ጥናቱን በመቃወምና የደመወዝ ጥያቄ በማንሳት ሥራ ያቆሙት መምህራን ዘውዱን ባናወጠው ንቅናቄ ግንባር ቀደም ነበሩ። ማኅበሩ ከደርግ ውድቀት በኋላ ለሁለት ተከፈለ። መንግሥት በተመሳሳይ ስም የተቋቋመውን ሌላውን ወገን ሲያውቅ፣ የነባሩ ማኅበር የባንክ ሒሳብ ታገደ። የነባሩ ፕሬዚዳንት ዶክተር ታዬ ወልደሰማያት በ1985 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከተባረሩት ከአርባ በላይ መምህራን አንዱ ናቸው። ግንቦት 1988 ዓ.ም. ከአውሮፓ ሲመለሱ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተያዙ።

ከዚህ ቀን በኋላ በማኅበሩ አመራር ውስጥ መቆየት ራሱ ውሳኔ ነበር። ገንዘቡ የታገደ፣ መሪው የታሰረ፣ ስሙ በክርክር ላይ ያለ ድርጅት ሹመትም ጥቅምም የሚገኝበት አልነበረም። አቶ አሰፋ ግን ሥራቸውን ቀጠሉ፤ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩትም ተገደሉ።

ዶክተር ታዬ በ1991 ዓ.ም. አሥራ አምስት ዓመት ተፈረደባቸው፤ በ1994 ዓ.ም. ተፈቱ። በ2000 ዓ.ም. ፍርድ ቤት የማኅበሩን ስምና ንብረት ለሌላው ወገን ወሰነ። ነባሮቹ አባላት በአዲስ ስም ለመመዝገብ ያቀረቡት ጥያቄም ተቀባይነት አላገኘም።

የአቶ አሰፋ ግድያ ከማኅበሩ አቤቱታ ጋር ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ዘንድ ደርሶ፣ በመደራጀት ነፃነት ኮሚቴው መዝገብ ቁጥር 1888 ተይዟል። ኮሚቴው ገለልተኛ ምርመራ እንዲካሄድ ደጋግሞ ጠየቀ። መንግሥት በፖሊስ ማብራሪያ ጸና።