ሱብራህማንያን ቻንድራሴካር፦ የነጭ ድንክ ኮከቦች ወሰንና የጽንፈ ዓለም ልኬት

ሱብራህማንያን ቻንድራሴካር እ.ኤ.አ. በ1910 በላሆር ተወለዱ። ከተማይቱ በዚያን ዘመን በእንግሊዝ ትገዛ በነበረችው ሕንድ ውስጥ የነበረች ስትሆን ዛሬ የፓኪስታን ናት። የአባታቸው ወንድም ቬንካታ ራማን በ1930 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት የተቀበሉ ሊቅ ናቸው። ቻንድራሴካርም በማድራስ ፕሬዚደንሲ ኮሌጅ ተምረው በዚያው ዓመት ለከፍተኛ ትምህርት በመርከብ ወደ እንግሊዝ ሲያቀኑ ዕድሜያቸው ገና 19 ነበር።

በጉዞው ላይ አእምሯቸውን የያዘው የነጭ ድንክ ኮከቦች ጉዳይ ነው። ነጭ ድንክ ማለት ነዳጁን ጨርሶ የተኮማተረ የኮከብ አስኳል ነው። በጥር ወር፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ፣ ከቀራንዮ ሆኖ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ለሚመለከት ሰው ከከዋክብት ሁሉ ደምቃ የምትታየው ሲርየስ እንዲህ ያለ ጓደኛ አላት። በዓይን ብቻ የማይለየው ይህ ጓደኛዋ መጠነ ቁሱ የፀሐይን፣ ስፋቱ ግን የመሬትን ያህል ነው።

ራልፍ ፋውለር የተባሉት የኬምብሪጅ ምሁር እንዲህ ያለውን ኮከብ ከመደርመስ የሚጠብቀው የተጨናነቁት ኤሌክትሮኖች ግፊት መሆኑን አስቀድመው አሳይተው ነበር። ቻንድራሴካር በዚህ ላይ የአንስታይንን የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ አከሉበት። የኮከቡ መጠነ ቁስ በጨመረ ቁጥር ኤሌክትሮኖቹ ወደ ብርሃን ፍጥነት ይጠጋሉ፤ በመጨረሻም ግፊታቸው ስበትን መቋቋም ይሳነዋል። ስለዚህ ነጭ ድንክ ሊያልፈው የማይችለው ወሰን አለ፤ እርሱም 1.4 ያህል የፀሐይ መጠነ ቁስ ነው።

ይህ ግኝት ወዲያው ተቀባይነት አላገኘም። ጃንዋሪ 11 ቀን 1935 ለንደን ውስጥ በንጉሣዊው የሥነ ፈለክ ማኅበር ጉባኤ ላይ ወጣቱ ተመራማሪ ስሌታቸውን ባቀረቡ ጊዜ፣ የዘመኑ ታላቅ የሥነ ፈለክ ሊቅ አርተር ኤዲንግተን ተነሥተው ነቀፉት፤ ታዳሚውም ሣቀ። ስሌቱ ትክክል መሆኑን የተረዱ ፊዚሲስቶች ቢኖሩም በአደባባይ የተከራከረላቸው አልነበረም። ቻንድራሴካር በ1937 ወደ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተሻገሩ፤ በ1939 ስለ ከዋክብት አወቃቀር የጻፉትን መጽሐፍ አሳትመው ፊታቸውን ወደ ሌሎች ምርምሮች መለሱ። ከኤዲንግተን ጋር የነበራቸውን ወዳጅነት ግን አላቋረጡም። የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት በ1983 ነው።

ወሰኑ ለጽንፈ ዓለም ልኬት መሠረት ሆነ። ከካርቦንና ከኦክስጅን የተሠራ ነጭ ድንክ ከጎረቤቱ ኮከብ ቁስ እየሳበ ወደ ወሰኑ ሲቃረብ ካርቦኑ ይቀጣጠልና ኮከቡ ፈጽሞ ይፈነዳል። ፍንዳታዎቹ ከተቀራራቢ መጠነ ቁስ ከተነሡ ድምቀታቸውም ይቀራረባል። የመብራት ኃይሉ የታወቀ እንደሆነ ርቀቱ ይሰላል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳልና።

ይሁን እንጂ ፍንዳታዎቹ መንትያ አይደሉም። ድምቀታቸውን በዋናነት የሚወስነው በፍንዳታው የሚፈጠረው ራዲዮአክቲቭ ኒኬል ነው፤ ኒኬሉ ወደ ኮባልት፣ ኮባልቱም ወደ ብረት ሲለወጥ የሚወጣው ኃይል ብርሃን ይሆናል። በ1993 ማርክ ፊሊፕስ ያሳተሙት ጥናት ይበልጥ የደመቀው ፍንዳታ ይበልጥ ቀስ ብሎ እንደሚደበዝዝ አሳየ። እንግዲህ የመደብዘዙን ፍጥነት የለካ ተመራማሪ እውነተኛውን ድምቀት መገመት፣ ርቀቱንም ማረም ይችላል።

ቻንድራሴካር በ1995 በቺካጎ ዐረፉ። ከ3 ዓመት በኋላ ሁለት የምርምር ቡድኖች በዚህ ዘዴ ሩቅ ፍንዳታዎችን ሲለኩ ከተጠበቀው በላይ ደብዝዘው አገኟቸው። ከዚህም የጽንፈ ዓለም መስፋፋት እየፈጠነ መሆኑን ደረሱበት፤ ግኝቱ በ2011 የኖቤል ሽልማት አስገኘ።

ዛሬ ተመራማሪዎች ሁለት ነጭ ድንኮች ተዋሕደው የሚፈነዱበትን፣ ወይም አንዱ ወሰኑን ሳይደርስ የሚፈነዳበትን መንገድ ያጠናሉ። የርቀት ልኬቱ ትክክለኛነት እነዚህን ልዩነቶች በመለየት ላይ የቆመ ነው፤ ልዩነቶቹም የሚመዘኑት የ19 ዓመቱ ተማሪ በመርከብ ላይ ማስላት ከጀመሩት ወሰን አንጻር ነው።