ጂም ቶርፕ፦ ሜዳሊያውን የተነጠቀው ተማሪ

ዘንድሮ በዚህ መጽሔት የሕይወት ታሪኩን የምናቀርብላችሁን ሰው የመረጥንበት ምክንያት በክፍላችን ደጋግመን የተከራከርንበት ጥያቄ ነው። ተማሪ ሆኖ የሚሮጥ ወይም ኳስ የሚጫወት ልጅ በችሎታው ገንዘብ ቢያገኝ ነውር ነው ወይ? ጂም ቶርፕ በዚህ ጥያቄ ምክንያት ብዙ ነገር ያጣ ሰው ነው። ዓመቶቹን የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ቶርፕ በ1887 አካባቢ ዛሬ ኦክላሆማ በሚባለው የአሜሪካ ግዛት ተወለደ። ከአገሬው ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የሳክ እና ፎክስ ሕዝብ ልጅ ነው። በሕዝቡ ቋንቋ የወጣለት ስም ብሩህ መንገድ ማለት ነው። መንትያ ወንድሙ በልጅነቱ ታምሞ ሞተበት፤ እናቱንና አባቱንም ገና በወጣትነቱ አጣ። ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ካርላይል በሚባል አዳሪ ትምህርት ቤት ተማረ። ትምህርት ቤቱ የነባር ሕዝቦችን ልጆች ከቤተሰባቸው ለይቶ፣ ቋንቋቸውንና ባህላቸውን አስጥሎ በነጮች ወግ ለማሳደግ የተቋቋመ ነበር።

ካርላይል በአሜሪካ እግር ኳስ ስሙ የታወቀ ነበር። በ1911 በቶርፕ ብርታት ታላቁን ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ 18 ለ 15 አሸነፈ። ተመልካቹ የመግቢያ ዋጋ እየከፈለ ይገባ ነበር፤ ገንዘቡም በትምህርት ቤቱ የስፖርት ክፍል እጅ ይገባ ነበር። ልጆቹ ግን አማተር፣ ማለትም ለፍቅር እንጂ ለገንዘብ የማይጫወቱ፣ መሆን ነበረባቸው።

በ1912 ቶርፕ በስቶክሆልም ኦሊምፒክ ተወዳደረ። አምስት ዓይነት ውድድሮችን በያዘው ፔንታትሎን በአራቱ አንደኛ ወጣ። አሥር ዓይነት ውድድሮችን በያዘው ዴካትሎን ደግሞ ሁለተኛ የወጣውን ስዊድናዊ ሁጎ ቪስላንደርን ወደ 700 በሚጠጋ ነጥብ በለጠው። ሁለት የወርቅ ሜዳሊያ ይዞ ሲመለስ ኒውዮርክ በሰልፍ ተቀበለችው።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። በጥር 1913 አንድ ጋዜጣ ቶርፕ በ1909 እና በ1910 የክረምት እረፍት ሰሜን ካሮላይና ውስጥ በአነስተኛ ክፍያ ቤዝቦል እንደተጫወተ አወጣ። በዚያ ዘመን ብዙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንዲሁ ያደርጉ ነበር፤ ነገር ግን እንዳይታወቁ በሐሰት ስም ይጫወቱ ነበር። ቶርፕ በገዛ ስሙ ተጫወተ። ነገሩ ሲነሣም አልካደም፤ ደንቡን የማያውቅ ተማሪ እንደነበረ ገልጾ በደብዳቤ ይቅርታ ጠየቀ። ሆኖም ሜዳሊያዎቹ ተወሰዱ፤ ስሙም ከመዝገብ ተሰረዘ። የውድድሩ ደንብ ተቃውሞ በ30 ቀን ውስጥ መቅረብ እንዳለበት ይደነግግ ነበር። የቶርፕ ጉዳይ የተነሣው ከስድስት ወር ገደማ በኋላ ቢሆንም ይህን ያነሣለት አልተገኘም። አሠልጣኙ ፖፕ ዋርነርም ምንም አላውቅም አለ።

ከዚያ በኋላ ቶርፕ በግልጽ ለክፍያ መጫወት ጀመረ። በታላላቅ የቤዝቦል ቡድኖች ተጫወተ፤ በ1920 የተመሠረተውና ዛሬ ኤንኤፍኤል የሚባለው የእግር ኳስ ማኅበር የመጀመሪያ ፕሬዚዳንትም ሆነ። ጉልበቱ ሲደክም ግን ኑሮ ከበደው። በፊልሞች ውስጥ ጥቃቅን ሚና እየተጫወተ፣ በቀን ሠራተኛነትም አፈር እየቆፈረ ቤተሰቡን አስተዳደረ። በ1950 የአሜሪካ ጋዜጠኞች የግማሽ ምዕተ ዓመቱ ታላቅ አትሌት ብለው መረጡት። በ1953 ሲሞት ሜዳሊያዎቹ አልተመለሱለትም ነበር።

የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ በ1982 ውሳኔውን ሽሮ፣ በተከታዩ ዓመት ቅጂ ሜዳሊያዎችን ለልጆቹ ሰጠ። ብቸኛ አሸናፊ ተብሎ የተመዘገበው ግን በ2022 ነው፤ ስቶክሆልም ላይ ካሸነፈ ልክ 110 ዓመት በኋላ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በሐምሌ 2021፣ የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርተኞች በስማቸውና በምስላቸው የማስታወቂያና የስፖንሰር ውል እንዲዋዋሉ ተፈቀደላቸው። ቶርፕ የተቀጣው ለመጫወት በተከፈለው ገንዘብ ቢሆንም፣ በስፖርት ዝና ገቢ ማግኘት ዛሬ ብዙ ተማሪ በይፋ የሚፈራረምበት ሆኗል።

ይህን ታሪክ ካነበብን በኋላም ክርክራችን አላለቀም። አንዳንዶቻችን ገንዘብ ተማሪን ከትምህርቱ ያዘናጋል እንላለን፤ ሌሎቻችን ደግሞ ላቡን ያፈሰሰ ድርሻውን ማግኘት አለበት እንላለን። በአንድ ነገር ግን ተስማምተናል። ቶርፕ ያገኘው ጥቂት ብር ሲመረመር፣ በእርሱ ጨዋታ ሌሎች ያገኙት አብሮ አልተመረመረም። ደንቡን የሚያውቁት አዋቂዎች ነበሩ፤ የተቀጣው ግን ደንቡን ያልነገሩት ተማሪ ነው።

ስለዚህ ወላጆችና መምህራን ሆይ፣ ከእኛ መካከል በሩጫ ወይም በኳስ ጎበዝ የሆነ ልጅ ውል ቢቀርብለት፣ ከመፈረሙ በፊት አብራችሁት አንብቡ። በተለይ በስፖርት ነፃ የትምህርት ዕድል ወደ አሜሪካ ለመሄድ የምናስብ ልጆች አለን። የተማሪ ቪዛ ሥራ መሥራትን ስለሚገድብ፣ ለአገሬው ተማሪ የተፈቀደው ውል ለእኛ ችግር ሊያመጣ ይችላል። ቶርፕ በጊዜው የሚነግረው ሰው አላገኘም፤ እኛ ግን እናንተ አላችሁን።