ሉዊ ቡታን

ሉዊ ቡታን (1859 – 1934 እ.ኤ.አ.) ፈረንሳዊ የሥነ-ሕይወት ተመራማሪ ሲሆን ለውሃ ውስጥ ፎቶግራፍ ከካሜራው የተለየ ፍላሽ በመሥራት ቀዳሚ የሆነ ሰው ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ቡታን በቬርሳይ ከተማ ተወልዶ በፓሪስ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማረ። በ1880 በሜልበርን ለተዘጋጀው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ከፈረንሳይ መልእክተኞች ጋር ወደ አውስትራሊያ ሄደ። ከተመለሰ በኋላ የባሕር እንስሳትን ማጥናት ያዘ፤ በ1886ም በመዳብ የራስ ቁርና በአየር ቱቦ ባሕር ውስጥ መጥለቅን ተለማመደ።

በ1893 በደቡብ ፈረንሳይ፣ በባኒዩልስ-ሱር-ሜር በሚገኘው የአራጎ ቤተ ሙከራ ይሠራ ነበር። በባሕሩ ወለል ያየውን በቃል መግለጽ አልበቃው ስላለ ፎቶ ለማንሳት ቆረጠ። ሐሳቡ ፍጹም አዲስ አልነበረም። እንግሊዛዊው ዊልያም ቶምሰን በ1856 ካሜራ በገመድ ወደ ባሕር አውርዶ ነበር፤ እሱ ራሱ ግን ከጀልባው አልወረደም። ቡታን ካሜራውን ይዞ ወረደ። መሐንዲስ የነበረው ወንድሙ ኦጉስት ውሃ የማያስገባ የመዳብ ሳጥን ሠራለት።

የብርሃን ችግር

ካሜራው ተሠራ፤ ብርሃን ግን አልነበረም። ውሃ ብርሃንን ይውጣል፤ በጥልቀቱ መጠን መጀመሪያ ቀዩ ቀለም ይጠፋል፣ በመጨረሻ ሰማያዊና አረንጓዴው ብቻ ይቀራል። የዘመኑ የመስተዋት ፊልም ደግሞ ብርሃን በጣም ይፈልግ ስለነበር አንዳንዱን ፎቶ ለማንሳት እስከ 30 ደቂቃ መጠበቅ ግድ ነበር። ድንጋይ ይጠብቃል፣ ዓሣ ግን ግማሽ ሰዓት ቁም ቢሉት አይሰማም።

ስለዚህ ብርሃኑን ይዞ መውረድ አስፈለገ። ሾፉር የተባለ የኤሌክትሪክ ባለሙያ በኦክስጅን በተሞላ የመስተዋት አምፖል ውስጥ የማግኒዚየም ሽቦ አስገብቶ በኤሌክትሪክ የሚቀጣጠል ፍላሽ ሠራ። ይህ ከመጀመሪያዎቹ የፍላሽ አምፖሎች አንዱ ነው፤ ነገር ግን የማይታመን ነበር፣ አንዳንዴም ይፈነዳል። ባሕር ውስጥ፣ ከጠላቂው አጠገብ የሚፈነዳ አምፖል ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ይገምተው።

ቀጥሎ የቤተ ሙከራው መካኒክ ዮሴፍ ዳቪድ የተሻለውን መላ አመጣ። በ200 ሊትር በርሜል ውስጥ ኦክስጅን የበዛበት አየር ሞላ፤ በበርሜሉ አናት ላይ የአልኮል ኩራዝ አስቀምጦ በመስተዋት ደፋበት። ጠላቂው የጎማ ኳስ ሲጨምቅ የማግኒዚየም ዱቄት በነበልባሉ ላይ ይረጫል፣ ቦግ ብሎም ይበራል። በአየር የተሞላ በርሜል ግን መንሳፈፍ እንጂ መስጠም አይወድም፤ በከባድ ክብደት ታስሮ ነበር የሚወርደው።

በርሜሉ ግዙፍ በመሆኑ ከካሜራው ተለይቶ ይቆማል። ይህ በግድ የመጣ ነገር ዛሬ ሆነ ተብሎ የሚደረግ ነው። በጨለማ ቤት በጣራ ቀዳዳ የገባች የፀሐይ ጨረር አቧራውን ሁሉ እንደምታሳይ፣ ከሌንሱ አጠገብ የበራ ፍላሽም በውሃው ያለውን ብናኝ አብርቶ ፎቶውን በነጫጭ ነጠብጣብ ይሞላዋል። ስለዚህ የአሁን ጠላቂዎች ፍላሹን በረጅም ክንድ ወደ ጎን አርቀው ያበራሉ። በክረምት ደለል እንደሚደፈርሰው እንደ ጣና ባለ ውሃ ውስጥ ፎቶ ለማንሳት የሚሞክር ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል።

በ1899 ቡታን የሮማንያውን ተመራማሪ ኤሚል ራኮቪጻን በመጥለቂያ ልብስ ሳለ ከባሕር ውስጥ ፎቶ አነሳው። በዚያው ዓመት በባትሪ የሚሠሩ የኤሌክትሪክ መብራቶችን ከካሜራው ጋር አውርዶ በ50 ሜትር ጥልቀት ፎቶ አነሳ፤ ያን ጊዜ ካሜራውን የሚያዘው ከላይ ሆኖ ነበር። በ1900 ስለ ሥራው መጽሐፍ አሳተመ።

በኋላ ወደ ኢንዶቺና ሄዶ ሠራ፤ ስለ ዕንቁም አጥንቶ በ1925 መጽሐፍ ጻፈ። በ1934 በአልጄሪያ አረፈ።

ማግኒዚየሙ ግን ከእርሱ በኋላም ሰው ማቃጠሉን አልተወም። አሜሪካውያኑ ዊልያም ሎንግሊና ቻርልስ ማርቲን በፍሎሪዳ ባሕር የመጀመሪያዎቹን የውሃ ውስጥ የቀለም ፎቶዎች ሲያነሱ ዱቄቱን በታንኳ ላይ አድርገው ከላይ ያቀጣጥሉት ነበር፤ በዚህ ሥራ ላይ ሎንግሊ ክፉኛ ተቃጥሏል። ፎቶዎቹ በ1927 በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ወጡ። ዱቄት የማያስፈልገውን የኤሌክትሮኒክ ፍላሽ ወደ ጥልቅ ባሕር ያወረደው ሃሮልድ ኤጀርተን ሲሆን፣ በ1950ዎቹ ከዣክ ኩስቶ ጋር አብሮ ሠርቷል።