ካሌብ ጋቴኞ

ካሌብ ጋቴኞ (1911 – 1988 እ.ኤ.አ.) የሂሳብ ሊቅና አስተማሪ ነበሩ። በተለይ የሚታወቁት ለሕፃናት ሂሳብን ባለ ቀለም እንጨቶች በመጠቀም በጨዋታ የማስተማር ዘዴን በዓለም በማስፋፋታቸው ነው።

የተወለዱት በግብፅ፣ እስክንድርያ ሲሆን በ1937 እ.ኤ.አ. ከባዝል ዩኒቨርሲቲ በሂሳብ ዶክትሬት አገኙ። ኋላም በእንግሊዝ አገር፣ በሊቨርፑልና በለንደን አስተማሩ።

በ1953 እ.ኤ.አ. ወደ ቤልጅግ ሄደው ጆርጅ ኩዊዝኔር ከተባሉ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ጋር ተዋወቁ። ኩዊዝኔር ከ1 እስከ 10 ሴንቲሜትር የሚረዝሙ አሥር ዓይነት እንጨቶች ሠርተው፣ ለእያንዳንዱ ርዝመት የራሱን ቀለም ሰጥተው ነበር። ባለ 2 ቀይ፣ ባለ 5 ቢጫ፣ ባለ 7 ጥቁር፣ ባለ 10 ብርቱካናማ ነው። በእንጨቶቹ ላይ ቁጥር አልተጻፈም፤ የዘዴው ብልሃትም እዚሁ ላይ ነው። ሁለት ልጆች ብርቱካናማውን አስቀምጠው በሌሎች እንጨቶች ርዝመቱን ለመሙላት ይጫወታሉ፤ አንዱ ጥቁር ሲያስቀምጥ ሌላው የጎደለውን ባለ 3 ይፈልጋል። ብርቱካናማው 1 ነው ከተባለ ደግሞ ቢጫው ግማሽ ይሆናል። ስለዚህ ክፍልፋይ ለልጆቹ እንግዳ ነገር አይሆንባቸውም። ጋቴኞ አስተማሪው ጥቂት እንዲናገር፣ ልጆቹም ራሳቸው እንዲደርሱበት ይፈልጉ ነበር። ይህ ተማሪ በተጨናነቀበት ክፍል ቀላል አይደለም።

በ1957 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተልከው ኢትዮጵያ መጡ። የመጡት ለሂሳብ መማሪያ መጻሕፍት ዝግጅት ነበር፤ ሆኖም የአማርኛ ፊደል ሳባቸው። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ፊደላት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አናባቢ ድምፅ አላቸው። ጋቴኞም ለቁጥር የተጠቀሙበትን ቀለም ለድምፅ አዋሉት። (በአማርኛ ቀለም ትምህርት ማለትም ስለሆነ፣ አጋጣሚው የሚገርም ነው።) ዘዴውን በኋላ ለእንግሊዝኛና ለሌሎች ቋንቋዎች ንባብ አስፋፉት።

የፋብሪካ እንጨት በማይገኝበት፣ ለምሳሌ በመካነ ሰላምና በአካባቢው የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ቀበሌዎች፣ ቀጭን እንጨት በማስመሪያ ለክቶ መቁረጥና መቀባት ይቻላል። ዋናው ነገር የልኩ ትክክለኛነት ነው፤ በግማሽ ሴንቲሜትር የተዛባ እንጨት 7 እና 3 አንድ ላይ 10 አለመሆናቸውን ለልጁ ያሳየዋልና። ገበጣም በየጉድጓዱ ጠጠር ማደልን ስለሚጠይቅ ለመቁጠር የሚረዳ የአገር ጨዋታ ነው።

ጋቴኞ በ1960ዎቹ ወደ ኒው ዮርክ ሄደው የትምህርት ድርጅት አቋቋሙ። ቀደም ሲል በእንግሊዝ አገር የሂሳብ መምህራን ማኅበርን መሥርተው ነበር። በ1988 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ዐረፉ።