የሊቁ የአንቴኖር ፊርሚን ታሪክ

አንቴኖር ፊርሚን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1850 ዓ.ም. በሃይቲ አገር፣ ካፕ አይስየን በተባለ ከተማ ተወለዱ። ሃይቲ በባርነት ይኖሩ የነበሩ ጥቁር ሕዝቦች ፈረንሳዮችን ድል ነሥተው በ1804 ነጻነቷን ያወጁላት አገር ናት። ፊርሚን በዚያው በአገራቸው ተምረው መምህርና ጠበቃ ሆኑ።

በ1884 ፓሪስ ሳሉ የከተማይቱ የአንትሮፖሎጂ ማኅበር አባል ሆኑ። ከማኅበሩ ሊቃውንት ብዙዎቹ የራስ ቅል እየለኩ፣ ጥቁር ሰው በተፈጥሮው ከነጭ ያንሳል ብለው ያስተምሩ ነበር። ፊርሚን በመካከላቸው ተቀምጠው ይህን ሰሙ፤ መጻሕፍታቸውንና የልኬት ሰንጠረዦቻቸውንም አንድ በአንድ መረመሩ። በ1885 ስለ ሰው ዘሮች እኩልነት ከ600 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ በፈረንሳይኛ አሳተሙ። በዚህም ልኬቶቹ እርስ በርሳቸው እንደሚጋጩ አሳዩ፤ የጥንቱ የግብጽ ሥልጣኔም የጥቁር አፍሪካውያን ሥራ እንደ ነበረ ተከራከሩ። የአውሮፓ ሊቃውንት ግን መጽሐፉን ቸል አሉት። ወደ እንግሊዝኛ የተተረጐመው ገና በ2000 ነው።

በ1891 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ፣ አሜሪካ የጦር መርከቦች ልካ የሞል ሴን ኒኮላን ወደብ ብትጠይቅ በሕግ ተከራክረው ከለከሏት። በ1902 ለፕሬዚዳንትነት ቢነሡም አልሆነላቸውም፤ ተሰደው በ1911 በሴንት ቶማስ ደሴት ዐረፉ።

ሰው ሁሉ የአንድ አባት ልጅ መሆኑን እኛ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ተምረናል። ፊርሚንም የሰው ዘሮችን እኩልነት በተቃዋሚዎቻቸው ቁጥር አስመሰከሩ። እኛም ተማሪዎች ስለ ወገናችን የተጻፈውን ሁሉ፣ የጻፈው ሊቅ ቢሆንም እንኳ፣ ሳንመረምር አንቀበል።